ኮላጅን ጠጥተን ቆዳችን ጋ ይደርሳል?

ሳሮን (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ አዲስ አበባ ናት፣ 63 ዓመቷ ነው። ጓደኞቿ ኮላጅን እየጠጡ ፊታቸው አማረ ብላ ላኪልኝ አለችኝ። ሱቅ ስሄድ የኮላጅን ዱቄት፣ ግሉታታዮንና ሬስቬራትሮል የሚባሉ ማሟያዎች ደርድረዋል። ዋጋው አይቀመስም። ሰውነት ይወስደዋል ወይስ ዝም ብሎ ይወጣል?

ፋርማሲስቷ
እህቴ፣ ሦስቱም አንድ አይደሉም። ኮላጅን ትልቅ ፕሮቲን ነው፣ እንዳለ ከአንጀት አያልፍም። "ሃይድሮላይዝድ" የሚለው አስቀድሞ የተቆራረጠው ነው። አንጀት የበለጠ ይፈጨውና አብዛኛው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ትንሹ ቁራጭ) ሆኖ ይገባል። ሁለት ሦስት አሚኖ አሲድ የተያያዙባቸው ቁራጮችም ደም ውስጥ ተገኝተዋል። ስለዚህ ምንም አይገባም የሚሉት ልክ አይደሉም። ግን ደም ውስጥ ገባ ማለት ፊት ላይ ሄደ ማለት አይደለም። ሰውነት ለጡንቻም ለሌላውም ያካፍለዋል። የቆዳ እርጥበት ጨመረ ያሉ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹን በገንዘብ የደገፉት አምራቾቹ ናቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሬስቬራትሮል ነው። 70 በመቶ ያህሉ ከአንጀት ያልፋል፣ ግን አንጀትና ጉበት ወዲያው ይለውጡታል። ሳይለወጥ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከ1 በመቶ በታች ነው። ግሉታታዮንንም አብዛኛውን አንጀት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይበትኑታል። ለሁለቱ ገንዘብሽን አታውጪ።

ደግሞ ኮላጅን ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ነው የሚሠራው። እናትሽ ጾመኛ ከሆኑ ማሸጊያውን አንብቢ።

አቤል
እኔ ባለ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ አሟሙቼ እጠጣለሁ። እሱስ?

ፋርማሲስቷ
ወንድሜ፣ በቀን ከ30 እስከ 180 ሚሊግራም ሲወሰድ ከ70 እስከ 90 በመቶው ይገባል። ከ1000 ሲያልፍ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ የገባውም ትርፍ በሽንት ይወጣል። አንድ ሁለት የዘይቱን (ጓቫ) ፍሬ ብላ፣ የቀንህን ትሸፍናለች።

ሳሮን
አመሰግናለሁ። እማዬ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) ትወስዳለች፤ ችግር አለው?

ፋርማሲስቷ
አዎ፣ ዋናው እሱ ነው! ብዙዎቹ ዱቄቶች ሌላ ነገር ይቀላቀልባቸዋል። ኮኪውቴን (CoQ10) የሚባለው ማሟያ የዋርፋሪንን ኃይል ሊቀንስ ይችላል፣ ብዙ ቫይታሚን ኢ ደግሞ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። የማሸጊያውን ጀርባ ፎቶ አንሺና ሐኪማቸው ሳያዩት ምንም እንዳትልኪ። ከላክሽ ግን ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ላኪላቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቆዳ ታስረጃለች። ክሬሙ ደግሞ በአንጀት ማለፍ የለበትም።

ሳሮን
ፎቶውን ዛሬውኑ ለሐኪሟ እልካለሁ። ክሬሙን ገዝቻለሁ።