የፍሬን ሸራ ከተቀየረ በኋላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነ፤ ማስተር (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ልግዛ?

ኮሮላ03፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ 2003 ናት፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር፣ ኤቢኤስ የላትም። የፊት ሸራ ሲቀየር ሁለቱም ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው) ወርደው ጎሚኒያቸው (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) ታድሷል። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ግማሽ ድረስ ይወርዳል። ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሲረገጥ ከፍ ይላል፣ ግን ያኔም እግር ስር ይለጠጣል እንጂ አይደርቅም። ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ሁለት ጊዜ ወጥቷል። ዘይት አይጎድልም፣ የትም አይንጠባጠብም። መካኒኩ «ማስተሩ አልቋል፣ ቀይር» ይላል። በቅርቡ ወደ ባሕር ዳር ጉዞ አለ፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ያሳስባል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ታምቡር፦
ወንድሜ፣ ማስተሩን ለመቀየር አትቸኩል፤ መፈተሻው ነፃ ነው። ሞተሩን አጥፋና ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፣ ሰርቮው (የእግርህን ኃይል የሚያግዘው) ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ያልቃል። ከዚያ ጠበቅ አድርገህ ርገጥና አንድ ደቂቃ ያህል ያዘው። ውጭ የሚፈስ ሳይኖር ፔዳሉ ቀስ በቀስ ከሰመጠ የማስተሩ ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ይህንኑ በቀላል እግርም ድገመው፤ ያረጀ ጎሚኒ በኃይል ሲረገጥ ይይዝና በቀስታ ሲረገጥ ያሳልፋል። በሁለቱም ባለበት ከቆመ ማስተሩን ተወው።

ሞተር ሲነሳ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ ሰርቮው እየሠራ ነው። ሰርቮ ሲበላሽ ፔዳል ይደርቃል እንጂ አይለሰልስም።

ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብና ፔዳሉን ርገጥ። ፔዳሉ የሚወርድበት ርቀት በግልጽ ካጠረ የኋላ ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ይህም እንደ አየር ሁሉ ሁለቴ ሲረገጥ ከፍ ይላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ሸራ ሲርቅ ፔዳሉ ዝቅ ብሎም ቢሆን መጨረሻው ላይ ደረቅ ይሆናል፤ አየር ሲኖር መጨረሻውም ይለጠጣል። ያንተ ይለጠጣል ስላልክ ጥርጣሬዬ ወደ አየር ነው።

ቁጥር10መፍቻ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ የፊት ካሊፐሮቹ አየር ማውጫ ቡሎን አሁን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ሁለቱም አንድ ላይ ወርደው ሲታደሱ የቀኙ በግራ፣ የግራው በቀኝ ሊታሰር ይችላል፤ ብዙዎቹ ካሊፐሮች ተገላብጠውም ልክክ ብለው ይገባሉ። ያኔ ማውጫው ከታች ይሆናል። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አሥር ጊዜ ብታወጣ ዘይት ብቻ ይወጣል፣ አረፋው ከላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ከተቀያየሩ ወደ ቦታቸው መልሳቸው። የላስቲክ ቱቦውን በሚያስረው ቡሎን ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ ይሁኑ፣ አሮጌው ይነፍሳል። ቱቦው እንዳይጠመዘዝ መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል አዙረህ እይ።

አየር ሲወጣ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምር፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። መሪው በግራ ላለ መኪና ነው ይሄ፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተል። ማውጫው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ሰካና ጫፉን ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከር። ረዳትህ በዝግታ ይርገጥና ይያዝ፤ አንተ ሩብ ዙር ፈተህ መልሰህ ዝጋ፤ ካልዘጋህ እግሩን እንዳያነሳ። ቀድሞ ካነሳ አየሩን መልሶ ይስባል፣ «ሁለት ጊዜ ወጥቷል» የሚባለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነው። ካሊፐሩን በእንጨት መታ መታ አድርገው፣ የተጣበቀ አረፋ ይለቃል።

ፔዳሉ ሥር ቁራጭ ሞራሌ አስቀምጥ። አሮጌ ማስተር እስከ ወለል ከተረገጠ ጎሚኒው ለዓመታት ያልደረሰበት ዝገት ላይ ይሄድና ይቀደዳል፤ ደህናው ማስተር የሚሞተው አየር በሚወጣበት ቀን ነው። ዘይት ማጠራቀሚያው ከዝቅተኛው መስመር በታች እንዳይወርድ በየአምስት ርግጫው ሙላ። የወጣውን ዘይት መልሰህ አትጠቀም።

ኮሮላ03፦
ፔዳሉ በከባድም በቀላልም እግር አንድ ደቂቃ ቆመ፣ አልሰመጠም። የእጅ ፍሬን ለውጥ አላመጣም። ማውጫዎቹ ግን ሁለቱም ወደ ታች ነበሩ! ካሊፐሮቹ ወደየቦታቸው ተመልሰው ታሰሩ፣ ከፊት ግራ ብዙ አረፋ ወጣ፣ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ሄደ። አሁን ፔዳሉ ከላይ ይይዛል። የወጣው ዘይት ግን ጥቁር ቡና መስሏል። ለዓባይ ይሄ ያሳስባል?

ታምቡር፦
ያሳስባል። ከአራቱም ጎማ ንጹህ እስኪወጣ ቀይረው፤ በድምሩ አንድ ሊትር ይዘህ ተነስ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ ውሃ ሲስብ እስከ 140 ይወርዳል፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ፍሬን ላይ ብቻ ከወረድክ ዘይቱ ካሊፐር ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ደህና ስለሚሆን ጋራዥ ውስጥ ምንም አይገኝም።

ዶት 3 እና ዶት 4 ይቀላቀላሉ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከእነሱ ጋር አይገናኝም። የታሸገ ግዛ፣ ተከፍቶ የከረመ አትቀበል። የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ጠብታም እንዳይገባ፤ ጎሚኒው ሁሉ ያብጥና ከማስተር እስከ ጎማ ያለውን ሁሉ መቀየር ይመጣል።

ቁጥር10መፍቻ፦
የላስቲክ ቱቦዎቹንም ተመልከት። ረዳትህ ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ በእጅህ ያዛቸው፤ የሚያብጥ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ሁለቱንም የፊት ቱቦ አንድ ላይ ቀይር። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን አጥብቀህ ረግጠህ ልቀቅ፣ እግርህን ላዩ ላይ አታሳርፍ።