ብላክጃክ (የካርድ ቁማር) ላይ ካርድ የምትቆጥሩ እባካችሁ አንዴ እዩልኝ
ሰላም ቤተሰብ፣ ቬጋስ ነኝ፣ ሃይ-ሎ የሚባለውን የካርድ አቆጣጠር ለምጃለሁ ግን የትኛው ጠረጴዛ እንደሚያዋጣ መወሰን አቃተኝ። 6 ለ 5 የሚከፍለውን ትቼዋለሁ፣ በ25 ዶላር ብላክጃክ (አስና ባለ 10 ካርድ) ሲመጣልኝ 37.50 ማግኘት ሲገባኝ 30 ነው የሚሰጡኝ፣ ማሽን ሁሌ የሚበውዘውንም አልነካውም ምኑ ይቆጠራል። የቀሩኝ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም 3 ለ 2። አንዱ ባለ 2 ዴክ (ዴክ ማለት የ52 ካርድ ጥቅል)፣ መነሻው 50፣ ዲለሩ (ካርድ አዳዩ) ሶፍት 17 ላይ፣ ማለትም አስ እንደ 11 ተቆጥሮ 17 ሲሞላ፣ ካርድ ይጨምራል፣ ትናንት ቆሜ ሳየው የት ሲደረስ እንደሚበወዝ የምታሳየውን ቢጫ ካርድ ልክ መሀል ላይ ሰካትና ቆጠራው ገና ከፍ ሲል በወዘው፣ በጣም አናደደኝ። ሌላው ባለ 6፣ መነሻ 25፣ ዲለሩ ሶፍት 17 ላይ ይቆማል፣ ከኋላ ቆርጦ ሳይታደል የሚያስቀረው 1 ዴክ ተኩል ብቻ። የያዝኩት 6,000 ዶላር ነው፣ በስንት ፈረቃ ያጠራቀምኩት። ወደ ባለ 6ቱ አዘነብላለሁ፣ ግን ቆጠራው ሲወርድ ተነስቼ ልሂድ ወይስ በ25 ልጠብቅ? መደቡንስ እስከ ስንት ላሳድገው? የምታውቁ በናታችሁ መልሱልኝ