ንጉሥ ማውረድ የሕዝብ መብት ነው የሚል ነገር ሼክስፒር ላይ አለ እንዴ?

የሸዋበር ልጅ፦
ሰላም ጓዶች፣ እዚሁ ደሴ ሥነ ጽሑፍ ነው የምማረው፣ ስለ እንግሊዙ ንጉሥ በተጻፈው የሼክስፒር ቴአትር በሪቻርድ ሁለተኛ ላይ ፔፐር ልሠራ ነው። መምህራችን ሕዝብ ንጉሥን ማውረድ ይችላል የሚለውን ሐሳብ ከትራጄዲው አውጡ አለን፣ እኔ ግን ባነበው ባነበው ሁሉም መኳንንት ነው፣ ሕዝቡ የታለ??

ቧንቧ ውሃ፦
አብሽር፣ ሪቻርድን ያወረደው የአጎቱ ልጅ ቦሊንግብሩክ ነው ከነመኳንንቱ። ሕዝቡማ ለአዲሱ እየጮኸ ደስታውን ይገልጻል፣ በድሮው ራስ ላይ አቧራ ይበትናል፣ በቃ። ግን ንጉሥ ሲወርድ መታየቱም አስፈርቷል፤ ሪቻርድ ዘውዱን የሚያስረክብበት ትዕይንት ንግሥት ኤልሳቤጥ በሕይወት እያለች በታተሙት ቅጂዎች የለም፣ በ1608 ነው የወጣው (እ.ኤ.አ ነው ሁሉም)። በ1601 ደግሞ በንግሥቲቱ ላይ ሊያምፅ የነበረው የባላባቱ ኤሴክስ ሰዎች ለተዋናዮቹ 40 ሺሊንግ ጨምረው ይሄንኑ ቴአትር አሠሯቸው፣ በማግስቱ ኤሴክስ የለንደን ሕዝብ ይከተለኛል ብሎ ወጣ፣ ማንም አልተከተለውም፣ አንገቱ ተቀላ 😅

ሚስ ኮምቦልቻ፦
እኔ አልስማማም፣ ለምን ሪቻርድ ላይ ብቻ ትቆማላችሁ? የሼክስፒርን ኪንግ ሊርን እዩ። የንጉሥ ሊር አማች ኮርንዎል የሽማግሌውን መኳንንት የግሎስተርን ዓይን ሲያወጣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገለገለው አሽከር ሰይፍ መዞ ጌታውን ይገጥማል፣ ስም እንኳን አልተሰጠውም፣ የኮርንዎል ሚስት ሪገን ከኋላ ወግታ ገደለችው፣ ኮርንዎልም በዛው ቁስል ሞተ። መኳንንት አይደለም፣ ዘውድም አይፈልግም። ቲዎሪውን ከፈለግክ ደሞ ስኮትላንዳዊው ምሁር ቡካናን አለልህ፤ በ1579 ሥልጣን ከሕዝብ ነው የሚመጣው፣ ጨቋኝ ንጉሥ ይወርዳል ብሎ ጻፈ፣ ያውም ለሚያስተምረው ለታዳጊው ንጉሥ ለጄምስ አበርክቶ፣ በ1584 መጽሐፉ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ሰውዬው ስለ ሄሮድስና መጥምቁ ዮሐንስም ትራጄዲ አለው።

የሸዋበር ልጅ፦
ኧረ አሽከሩን ጭራሽ አላስተዋልኩትም ነበር!! መምህሩ ግን ሪቻርድን ነው ያለው

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ አይጠየፍ አዳራሽ ሥር ቁጭ ብለህ ምሳሌ ቸገረህ? ልጅ ኢያሱን በመስከረም 1909 ዓ.ም. ማን አወረዳቸው? መኳንንቱ ናቸው፣ አቡነ ማቴዎስ ሰዉን ከመሐላው ፈቱት፣ አባትየው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸውን ይዘው ወጥተው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ሕዝቡን የጠየቀው የለም። አሁን ድራማህን ተመልከት፣ እዛ የካርላይሉ ጳጳስ ተገዢ በንጉሡ ላይ ሊፈርድ አይችልም ብሎ ብቻውን ተነስቶ ተከራከረ፣ ወዲያው ታሰረ። እና ጥያቄህ ንጉሥ ይወርዳል አይወርድም ሳይሆን መሐላውን ማን ይፈታዋል የሚለው ይሁን፣ ፔፐርህ እዛ ላይ ነው ያለው።

የሸዋበር ልጅ፦
እሺ ጋሼ፣ በመሐላው እጀምራለሁ፣ አሽከሩንም መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ መምህሩ ቢቆጣም። ሚስ ኮምቦልቻ፣ ሊርን በሃርድ ኮፒ ካለሽ ቅዳሜ መጥቼ ልውሰድ?

ሚስ ኮምቦልቻ፦
አለኝ ግን ገጹ ሁሉ ላይ አስምሬበታለሁ፣ እንዳትስቅብኝ