ዋሪየር ከደረሰብኝ በኋላ ርቀቴን ማስመለስ አቅቶኛል

በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ (የኢንተርኔት ጨዋታ) 60ኛ ደረጃ ላይ ባደረስኩት ሀንተር (ከአውሬ ጋር የሚዋጋ ቀስተኛ ገጸ ባሕርይ) ከዋሪየር (በቅርበት ከሚዋጋ ተፋላሚ) ጋር አንድ ለአንድ ስገጥም በሕይወት መቆየት ተስኖኛል። ከሩቅ እስከተፋለምን ድረስ አልቸገርም፤ በኮንከሲቭ ሾት ፍጥነቱን ለ4 ሰከንድ በግማሽ ቀንሼ እየሸሸሁ እተኩሳለሁ። የምሸነፈው በኢንተርሴፕት ዘሎ ለ3 ሰከንድ ካደነዘዘኝ በኋላ ወዲያው ሃምስትሪንግ (እርምጃን የሚያዘገይ ምት) ሲያሳርፍብኝ ነው። በዊንግ ክሊፕ እኔም እሱን ባዘገየው ሁለታችንም ስለምንጎተት ርቀቱ አይሰፋም። ቀስት ከ8 ያርድ በታች አይተኩስም፣ የእጅ መሣሪያ ደግሞ ከ5 ያርድ በላይ አይደርስም፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ስቆም፣ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፣ በቀስትም በእጅም መምታት አልችልም።

ፍሪዚንግ ትራፕ (ጠላትን በበረዶ የሚያስር ወጥመድ) በክላሲክ የሚጣለው ከፍልሚያ ውጭ ብቻ በመሆኑ በፌይን ዴዝ (የሞትኩ በማስመሰል) ከፍልሚያ ወጥቼ ለመጣል ሞክሬአለሁ፤ ሆኖም ተከታይ አውሬዬ ዋሪየሩን እየነከሰው ከሆነ ወጥመዱ አይጣልም፣ አውሬውን አስቀድሜ ወደ ፓሲቭ (ማጥቃት ወደሚያቆምበት ሁኔታ) ስመልሰው ደግሞ የዋሪየሩ ቀጣይ ምት ይቀድመኛል። የክህሎት ነጥቦቼን በቢስት ማስተሪ (አውሬውን በሚያጠናክረው ዘርፍ) ላይ ስላዋልኩ ስካተር ሾት (ጠላትን ለአፍታ የሚያደናግር ተኩስ) የለኝም፤ ያለኝ ጠላትን የሚያደነዝዘው ኢንቲሚዴሽን ነው፣ እሱም የሚሠራው አውሬው ሲመታ ብቻ ነው።

ታዲያ ኢንቲሚዴሽንን ዋሪየሩ እንደደረሰብኝ ሃምስትሪንግ ሳያሳርፍ ልጠቀምበት፣ ወይስ ከዊንግ ክሊፕ በኋላ አደንዝዤው አውሬውን በመመለስ ለፌይን ዴዝና ለወጥመዱ ጊዜ መግዣ ላድርገው?