በሂሳቤ 5.7 ኪሎ መቀነስ ነበረብኝ፣ ሚዛኑ ግን 2.1 ብቻ ይላል፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጠያቂ (ቆጣሪ 84)

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ነኝ፣ 34 ዓመት፣ ቁመቴ 172 ሳ.ሜ.፣ ስጀምር 84 ኪሎ ነበርኩ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። የስልኬ አፕ ላይ «መካከለኛ እንቅስቃሴ» የሚለውን መርጬ በቀን 2,710 ካሎሪ ታቃጥላለህ አለኝ። የምበላውን እየመዘገብኩ 1,900 ላይ እቆማለሁ። በሳምንት 4 ቀን ደግሞ ጂም ገብቼ ትሬድሚል ላይ በሰዓት 6 ኪ.ሜ. ፍጥነት 45 ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ማሽኑ በየጊዜው 400 ካሎሪ ያሳየኛል።

ሂሳቡ ይሄ ነው፦ (2,710 − 1,900) × 7 = 5,670፤ የጂሙ 1,600 ሲደመር 7,270 በሳምንት። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ነው ስለሚባል በሳምንት 0.94 ኪሎ፣ በ6 ሳምንት 5.7 ገደማ። ሚዛኑ ላይ ያለው ግን 81.9 ነው። ሰውነቴ አልቃጠል ብሎ ነው ወይስ ሂሳቡ ነው የተበላሸው?

እርምጃ በእርምጃ

ሰውነትህ ምንም አልሆነም፤ ጂሙን ሁለቴ ቆጥረኸዋል። «መካከለኛ እንቅስቃሴ» ማለት የዕረፍት ፍጆታህ (ሰውነትህ ምንም ሳትሠራ በቀን የሚያቃጥለው) በ1.55 ተባዝቷል ማለት ነው፤ ስፖርቱ እዚያው ውስጥ አለ። አንተ 400ውን ደግመህ ደመርክበት።

ከሥር እንሥራው። የዕረፍት ፍጆታን የሚያሰላው ሚፍሊን የሚባለው ቀመር ለወንድ፦ 10 × ኪሎ + 6.25 × ሳ.ሜ. − 5 × ዕድሜ + 5። ያንተ 840 + 1,075 − 170 + 5 = 1,750። (ለሴት መጨረሻ ላይ +5 ሳይሆን −161 ነው።) ወንበር ላይ ለሚውል ሰው በ1.2 ይባዛል፤ 2,100 ይመጣል። ስፖርቱን ለብቻ መደመር የፈለገ ከዚህ ነው የሚነሳው።

የማሽኑንም 400 እርሳው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በየኪሎው በሰዓት 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ይህ 1 ሜት ይባላል። በ6 ኪ.ሜ. ፍጥነት መራመድ 4.5 ሜት አካባቢ ነው። 4.5 × 84 × 0.75 ሰዓት = 283። ከዚህ ውስጥ 1 ሜቱን ሶፋ ላይ ብትቀመጥም ታቃጥለው ስለነበር ይቀነሳል፦ 3.5 × 84 × 0.75 = 220። መደገፊያውን ይዘህ የምትራመድ ከሆነ ከዚያም ያንሳል፤ ክንድህ ክብደትህን ይሸከምልሃልና። ማሽኑ ኪሎህን ሳታስገባለት የሚያሰላ ከሆነማ ለማን እንዳሰላው አይታወቅም።

እንግዲህ፦ (2,100 − 1,900) × 7 = 1,400፤ 4 × 220 = 880፤ ድምር 2,280። በሳምንት 0.3 ኪሎ፣ በ6 ሳምንት 1.8። ሚዛንህ 2.1 ማለቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የጓዳ ሂሳብ

የመጀመሪያው መልስ ልክ ነው፤ ግን ቁጥሩ እንዲህ የገጠመው ሁለት ስህተት ተጣፍቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ታክሲ የሚመላለስ፣ ደረጃ የሚወጣ ሰው ከ1.2 ትንሽ ይበልጣል። 1,900ው ደግሞ እውነት 1,900 መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሽሮውን እንዴት ነው የምትመዘግበው?

ቆጣሪ 84

አንድ ጭልፋ ሽሮ 150፣ አንድ እንጀራ 300 እያልኩ።

የጓዳ ሂሳብ

ያው እንደጠረጠርኩት። እንጀራ በአንድ ቁጥር አይያዝም፤ ከሊጡ ተነስ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪ ገደማ አለው። 3 ኪሎ ዱቄት ከተቦካ 11,010 ነው። 20 እንጀራ ከወጣው አንዱ 550፣ ሳስቶ ተጋግሮ 25 ከወጣው 440። አብሲቱም ከዚያው ዱቄት ስለሆነ አዲስ ነገር አይጨምርም። የሚገዛ እንጀራ ከሆነ መዝነው፤ 100 ግራሙን 150 ብለህ ያዝ።

ወጥ ደግሞ በድስት ነው የሚሰላ። ባዶውን ድስት መዝነህ ክብደቱን ክዳኑ ላይ ጻፍ። ለምሳሌ 200 ግራም የሽሮ ዱቄት 720 ካሎሪ ገደማ፣ 300 ግራም ሽንኩርት 120፣ ቁሌቱ ላይ የገባው 100 ሚሊ ሊትር ዘይት 92 ግራም × 9 = 828። ድምሩ 1,668። ከበሰለ በኋላ ድስቱን መዝነህ የባዶውን ቀንስ፤ 1,400 ግራም ቢሆን በግራም 1.19 ማለት ነው። 250 ግራም የሚይዝ ጭልፋ 298 ይሆናል፤ 150 ያልከው እጥፍ ሆነ። ከጠቅላላው ግማሹ ዘይት መሆኑንም ልብ በል፤ ሽሮው አይደለም የሚያወፍረው።

መመዘን የሰለቸው ሰው የቤቱን ዘይት በወር ይቁጠር። አንድ ሊትር ወደ 8,280 ካሎሪ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን በወር ከጨረሰ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 345 ይደርሰዋል። አፕህ ላይ በቀን ስንት የዘይት መዝግበሃል?

ከቤተሰብ ጋር በአንድ ትሪ የምትበላ ከሆነ እንጀራህን መዝነህ ከፊትህ አድርግ፣ ወጡንም በጭልፋ ለይተህ አስጨልፍ። ጉርሻም ይቆጠራል፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ከእንጀራህ ትንሽ ማስቀረት ይቀላል።

ሳምንታዊ አማካይ

ከመነሻው 84 እና ከዛሬው 81.9 ሌላ በየቀኑ የመዘንከው አለህ? የአንድ ቀን ሚዛን ያሳስታል። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ሳትበላ ሳትጠጣ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዝነህ የሰባቱን ቀን አማካይ ውሰድ። አንድ ሰው በሳምንቱ ውስጥ 82.4፣ 82.1፣ 83.0፣ 82.7፣ 82.2፣ 81.9፣ 82.2 ሊመዝን ይችላል፤ አማካዩ 82.4 ነው። 83.0 ባለው ቀን የተናደደና 81.9 ባለው ቀን የጨፈረ፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ውኃ ነው።

ቆጣሪ 84

አለኝ። የየሳምንቱ አማካይ፦ 83.4፣ 83.1፣ 82.8፣ 82.5፣ 82.3፣ 81.9።

ሳምንታዊ አማካይ

ጥሩ፣ በዚህ መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከሂሳቡ አውጣው። ምግብ ሲቀንስ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን (የሰውነት የስኳር ክምችት) ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ነው የሚወጣው። ከስብ ጋር አይገናኝም። (በተቃራኒው አዲስ ስፖርት የጀመረ ጡንቻ ውኃ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት እራትም እንደዚሁ። ለሴቶች የወር አበባ ዑደት ስለሚያወዛውዘው ከባለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያወዳድሩ።)

ከ2ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት 28 ቀን ነው፤ የወረደው 83.1 − 81.9 = 1.2 ኪሎ። 1.2 × 7,700 ÷ 28 = 330። በመዝገብህ 1,900 በልተሃል፤ 1,900 + 330 = 2,230። የቀን ፍጆታህ፣ ጂሙም ተጨምሮበት፣ ይሄ ነው። አፑ፣ ማሽኑ፣ ቀመሩም እኔን አያሳስቡኝም።

ሽሮህን አሳንሰህ ስለመዘገብክ እውነተኛው ቁጥር ምናልባት 2,400 ይሆናል። በዚያው አመዘጋገብ እስከቀጠልክ ድረስ ግን ችግር የለውም፤ ስህተቱ ሁለቱም ወገን ላይ እኩል ስላለ ልዩነቱ ልክ ነው። እንደ ጓዳ ሂሳብ ምክር በትክክል መመዘን ከጀመርክ ደግሞ 2,230ውን ጣለውና ሌላ 28 ቀን ቁጠር። አሮጌውን ቁጥር ከአዲሱ ሚዛን ጋር መቀላቀል ነው ሰውን የሚያሳብደው።

በሳምንት 0.4 ኪሎ ይበቃል ብንል ጉድለቱ በቀን 440 ነው፤ 2,230 − 440 = 1,790። አሁን ከምትበላው የሚቀነሰው 110 ብቻ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንኳ 120 ነው። ወይም ምግቡን ሳትነካ በየቀኑ ከአንድ ፌርማታ በፊት ወርደህ በ5 ኪ.ሜ. ፍጥነት ግማሽ ሰዓት መራመድ ወደ 100 ያመጣል።

እርምጃ በእርምጃ

አንድ ነገር ልጨምር። 7,700ን ለዓመት ዘርግታችሁ አታስሉ። ክብደት ሲቀንስ ፍጆታም አብሮ ይወርዳል። በቀን 240 ካሎሪ በቋሚነት የቀነሰ ሰው በቀላሉ ሂሳብ በዓመት 11.4 ኪሎ መውረድ አለበት። ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ሞዴል መሠረት ግን በየ24 ካሎሪው ቅነሳ መጨረሻ ላይ አንድ ኪሎ ይወርዳል፤ ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቀሪው ቀስ እያለ። ስለዚህ 240 ማለት 10 ኪሎ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት 5 ያህል። አንተም በየ4 ሳምንቱ ያችን የ28 ቀን ስሌት ደግማት።

ለሚያነቡ ሌሎች ደግሞ፦ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ አይቀንስ፤ የመድኃኒቱ መጠን አብሮ ካልተስተካከለ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ይህን ሂሳብ ትተወው።

ቆጣሪ 84

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ፍልሰታ ሲገባ ምን ላድርግ? እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም 1,790ውን ዝቅ ላድርገው?

የጓዳ ሂሳብ

አታውርደው፤ ሰዓቱ ሳይሆን የቀኑ ድምር ነው የሚቆጠረው። በ9 ሰዓት የሚቀርበው የጾም በያይነቱ ከእያንዳንዱ ወጥ ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ሥጋና ቅቤ የለውም ማለት ካሎሪው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ምስሩንና ሽሮውን አብዛው፣ እንጀራውን ቀንስ፣ ጡንቻህን የሚጠብቅልህ ፕሮቲን እነሱ ላይ ነው።

ሳምንታዊ አማካይ

ጾሙ 15 ቀን ብቻ ስለሆነ ለብቻው የመለኪያ ጊዜ አታድርገው። የተፈታ ዕለት ማግስት አንድ ሁለት ኪሎ ሊዘል ይችላል፤ ያን ሳምንት መዝነህ መዝግብ፣ ስሌቱ ውስጥ ግን አታስገባው። 28ቱን ቀን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምር።