በኤፍ የሚያልቁ የእንግሊዝኛ ስሞች ሲበዙ፦ ኤፍ ወደ ቪ የሚለወጠው መቼ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቢላዋ፣ ናይፍ፣ ሲበዛ ኤፍ ወጥታ ቪ ትገባለች። ጣሪያ፣ ሩፍ፣ ግን ኤስ ብቻ ጨምሮ ያልፋል። አለቃ ማለት የሆነው ቺፍም እንደዚያው። ታዲያ መለያው ምንድን ነው?

ሰዋስው፦
ሕጉን ገልብጠህ ያዘው። ዋናው መንገድ ኤስ መጨመር ነው፤ ወደ ቪ የሚሄዱት ናቸው ልዩዎቹ። በየቀኑ የሚያጋጥሙት 13 ያህል ስለሆኑ በቃል ይያዛሉ። ናይፍ፣ ሕይወት (ላይፍ)፣ ሚስት (ዋይፍ)፤ ቅጠል (ሊፍ)፣ ሙልሙል ዳቦ (ሎፍ)፣ ነዶ (ሺፍ)፣ ሌባ (ቲፍ)፤ ከኤፍ በፊት ኤል ያላቸው ደግሞ ግማሽ (ሃፍ)፣ ጥጃ (ካፍ)፣ መደርደሪያ (ሼልፍ)፣ ራስ (ሴልፍ)፣ የተረት ፍጡር (ኤልፍ)፣ ተኩላ (ዉልፍ)። ኤል ስላየህ ብቻ ግን አትለውጥ፤ ባሕረ ሰላጤ፣ ገልፍ፣ ኤስ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ኢ ላይ ነው። ናይፍ መጨረሻው ላይ ኢ ስላለው ኤፍን በቪ ተክተህ ኤስ ትጨምራለህ፦ ኬ-ኤን-አይ-ቪ-ኢ-ኤስ። ሊፍ ግን በኤፍ ስለሚያልቅ ኢንም አንተ ታመጣለህ፦ ኤል-ኢ-ኤ-ቪ-ኢ-ኤስ። ቪንና ኤስን ያለ ኢ ካጋጠምካቸው ስህተት ነው። ኤፍ ከተደረበ (ገደል፣ ክሊፍ) ምንም አይለወጥም።

ጥንተ ቃል፦
ምክንያቱን ልጨምር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ኤፍ በሁለት አናባቢ መካከል ስትገባ እንደ ቪ ትነበብ ነበር፤ የብዙ ቁጥር ምዕላድ (በቃሉ መጨረሻ የሚጨመረው ቅጥያ) አናባቢ ይዞ ሲመጣ ድምፁ ተለወጠ፣ በኋላ አጻጻፉ ተከተለው። እኛም «አበባ» ስንል ሁለተኛዋ በ ትላላለች፤ ፊደሏን ግን አልቀየርንም። እንግሊዞቹም ሁሌ አይቀይሩም፦ ቤት፣ ሃውስ፣ ሲበዛ ሃውዚዝ ይባላል፣ ኤሷ ግን ኤስ እንደሆነች ትጻፋለች። ቺፍ፣ ገልፍና ሴፍ (የገንዘብ ካዝና) ከፈረንሳይኛ ዘግይተው ስለገቡ ይህ አልነካቸውም። ሩፍ ግን ነባር ቃል ነው፤ ዛሬ ወደ ተራው መንገድ ተመልሷል። ስለዚህ ታሪክም ሁሉንም አይፈታም።

አራሚ፦
ሦስት ወጥመዶች። አንደኛ፣ የገንዘብ ካዝና፣ ሴፍ፣ መልኩ እንደ ናይፍ ነው፤ በቪ ከጻፍከው ግን «ያድናል» ወይም «ይቆጥባል» የሚል ግስ ይሆንብሃል። እምነት (ቢሊፍ) እና ማስረጃም (ፕሩፍ) ስም ሲሆኑ በኤፍ፣ ግስ ሲሆኑ በቪ። ሁለተኛ፣ ባለቤትነት ብዛት አይደለም፤ «የቢላዋው ስለት» ሲባል ኤፍ ሳትነካ አፖስትሮፊና ኤስ ይከተላሉ። ሦስተኛ፣ የተጸውኦ ስም ሕጉን ያልፋል፤ የቶሮንቶው የሆኪ ቡድን ሜፕል ሊፍስ የሚጻፈው በኤፍ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
የአንገት ልብስስ፣ ስካርፍ? በሁለቱም አይቻለሁ።

አራሚ፦
በሁለቱም ትክክል ነው፤ ሰኮና (ሁፍ) እና ድንክ (ድዋርፍ) እንዲሁ። አንዱን መርጠህ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ በዚያው ዝለቅ።