«ቬሪ» ግስን ለምን አያጎላም?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በማመልከቻዎቻቸው ውስጥ «አይ ቬሪ ላይክ ዚስ ጆብ» የሚል ዐረፍተ ነገር በብዛት ይገጥመኛል። በአማርኛ «በጣም ጥሩ» ብቻ ሳይሆን «በጣም እወዳለሁ» ማለትም ስለሚቻል፣ የእንግሊዝኛው ለምን እንደማይሆን አጥብቀው ይጠይቁኛል። ደግሞስ «ዘ ቬሪ ማን» ሲባል ይኸው ቃል ስም ፊት ምን ይሠራል?

መልስ፣ ከፒያሳ፦
መምህር፣ የኋለኛው ጥያቄዎ ለፊተኛው መንገድ ይከፍታል። ቃሉ ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን፣ ሥሩ «እውነት የሆነ» የሚል ፍች ያለው የላቲኑ «ቬሩስ» ነው፤ «ቬሪፋይ» (ማረጋገጥ) እና «ቨርዲክት» (ፍርድ) የተባሉት ቃላትም የዚያው ሥር ልጆች ናቸው። እንግዲህ «ቬሪ» መጀመሪያ «እውነተኛ» የሚል ቅጽል ነበረ፤ «ዘ ቬሪ ማን»፣ ማለትም «ሰውየው ራሱ»፣ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ከሌላ ቅጽል ፊት ሲቀመጥ ግን፣ «እውነተኛ ደግ ሰው» የሚለው አነጋገር እየዋለ እያደረ «እጅግ ደግ ሰው» ተብሎ ይሰማ ጀመር፤ ተውሳከ ግስ የሆነውም በዚህ መንገድ ነው። ቦታው ከጥንትም ቅጽል ፊት ስለነበር፣ ዛሬም የሚያጎላው ቅጽልንና ሌላ ተውሳከ ግስን እንጂ ግስን አይደለም። ግስን የማጉላቱ ሥራ የ«መች» ነው፤ «አይ ላይክ ኢት ቬሪ መች» ስንል «ቬሪ» የሚያበረታው «መች»ን ነው።

መልስ፣ ከካዛንቺስ፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ተማሪዎችን ይበልጥ የሚጎዳው ሌላ ነገር ይመስለኛል። የእኛ «በጣም» የእንግሊዝኛውን «ቬሪ» እና «ቱ» አጠቃልሎ ይይዛል። ሻይ «ቬሪ ሆት» ነው ከተባለ እየተነፈሰም ቢሆን ይጠጣል፤ «ቱ ሆት» ከተባለ ግን ከልክ አልፏልና አይጠጣም። አንድ አመልካች ስለ ራሱ «አይ አም ቱ ኤክስፒሪየንስድ» ብሎ ቢጽፍ፣ ቀጣሪው «ለዚህ ሥራ ልምዴ በዝቷል» ማለቱ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል።

መልስ፣ ከፒያሳ፦
እውነት ነው፤ «ቱ»ን ለይቶ ማስተማር ያስፈልጋል። ደግሞም «ቬሪ ታየርድ» (በጣም የደከመ) ትክክል የሚሆነው «ታየርድ» ከግስ ቢወጣም ፈጽሞ ቅጽል ስለሆነ ነው። የግስነት ጠባያቸው ያልለቀቃቸውን መሰል ቃላት በተመለከተ ግን፣ ለምስጋና በመደበኛ ደብዳቤ ላይ «ቬሪ አፕሪሺየትድ» ከማለት «መች አፕሪሺየትድ» ማለት ይመረጣል።